ከዜሮ ወደ ስድስት፦ ሊዝ ፌር በ2003 ምን አጠፋች?

አልበሙን ከመስማቴ በፊት የሰማሁት ቁጥሩን ነው። 0.0። ከአሥር ዜሮ ነጥብ ዜሮ። መጀመሪያ የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር። ሰው አሥራ አራት ዘፈን ጽፎ፣ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ቀርጾና አሳትሞ እንዴት አንዲት ነጥብ እንኳ ያጣል? ባዶ ወረቀት ያስረከበ ተማሪም ቢሆን ስሙን አስተካክሎ ስለጻፈ የሚያዝንለት መምህር አያጣም።

አልበሙ የአሜሪካዊቷ ሮክ ዘፋኝና ደራሲ የሊዝ ፌር ነው። ርዕሱም የራሷ ስም ነው፤ «ሊዝ ፌር»። የወጣው በሰኔ 2003 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዜሮውን የሰጣት ፒችፎርክ የሚባለው የሙዚቃ ሒስ ድረ ገጽ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ሒሱን የጻፈው ማት ሌሜ ትዊተር ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቃት። በ2021 ደግሞ ድረ ገጹ ራሱ አንዳንድ የድሮ ውጤቶቹን ሲከልስ ዜሮዋን 6.0 አደረገላት።

በአልበሙ ላይ አንዲት ኖታ አልተቀየረችም። ታዲያ ስድስቱ ነጥብ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ቺካጎ ነው። ፌር ያደገችው ዊኔትካ በተባለ፣ ከቺካጎ ወጣ ብሎ በሚገኝ የደህና ኑሮ ሰፈር ነው። ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረች። በ1991 ቤቷ ተቀምጣ፣ በአንድ ጊታርና በአንዲት ትንሽ መቅረጫ የሠራቻቸውን ዘፈኖች ካሴት ላይ አድርጋ ለጥቂት ሰዎች ሰጠች። «ገርሊ ሳውንድ» ብላ ነበር የሰየመቻቸው። ቀሪውን ካሴት ከካሴት እየገለበጠ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ለአንዱ አስቀዳ፣ ያኛው ለሌላው ላከ፣ ድምፁ እየሻከረ ስሟ ግን እየገነነ ሄደ። በመጨረሻ ኒውዮርክ ያለው ማታዶር የተባለ ትንሽ አሳታሚ አስፈረማት።

በ1993 «ኤግዛይል ኢን ጋይቪል» ወጣ። አሥራ ስምንት ዘፈን። ለሮሊንግ ስቶንስ የ1972 አልበም፣ ለ«ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»፣ ዘፈን በዘፈን የተሰጠ መልስ ነው ብላ ነበር። «ጋይቪል» የወንዶች ሰፈር እንደ ማለት ነው። ያኔ በቺካጎ ዊከር ፓርክ አካባቢ የነበረው የሮክ መንደር፣ ወንዱ መድረክ ላይ ቆሞ ሴቷ ከታች ሆና የምታጨበጭብበት ዓለም መጠሪያ ነበር። ፌር ከታች ሆና ያየችውን ሁሉ ጻፈችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ጊታሩ ደረቅ ነው፣ ቅንብሩ የሳሎን ቀረጻ ይመስላል። ወንዶች ሲዘፍኑት ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ነገር፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ውሸት፣ ስለ እፍረት፣ በተራ የወሬ ቃና አወራችው። የቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ በየዓመቱ የአገሪቱን ሃያስያን ድምፅ በሚያሰባስብበት ምርጫ የዓመቱ አልበም አንደኛ ሆነ። ከጆኒ ሚቸል የ1974 ድል ወዲህ በዚያ ምርጫ አንደኛ የወጣች ሴት አልነበረችም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። «ራሷን ለገበያ ሸጠች» የሚለው ክስ በ2003 አይደለም የተጀመረው። በ1994 መጀመሪያ ላይ ስቲቭ አልቢኒ፣ የኒርቫና ቡድንን «ኢን ዩትሮ» አልበም የቀረጸው ስመ ጥር የቺካጎ ሰው፣ «ቺካጎ ሪደር» ለተባለው ጋዜጣ አንድ መርዛም ደብዳቤ ጻፈ። የጋዜጣው የሙዚቃ ዓምደኛ ፌርንና ስማሺንግ ፓምኪንስና ኧርጅ ኦቨርኪል የተባሉትን ሁለት ቡድኖች በማድነቁ ነበር የተናደደው። ሦስቱም ለብዙኃን የሚያጎበድዱ ናቸው ነበር ነገሩ። ልብ በሉ፣ ይህ የተባለው ያ ሁሉ ሰው ንጹሕ ነው ባለው የመጀመሪያ አልበሟ ጊዜ ነው። ካሴቷ ከሰፈር በወጣበት ቀን ክሱም ተመሠረተ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በ1994 አንድ፣ በ1998 ሌላ አልበም አወጣች። ደህና ተሸጡ፣ ደህና ተወሩ፣ እንደ መጀመሪያው ግን አልነበሩም። አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ተፋታች። ማታዶር ካፒቶል ከተባለው ግዙፍ ኩባንያ ጋር የነበረውን ሽርክና ሲያፈርስ እሷ ካፒቶል ዘንድ ቀረች። እናም ለአምስት ዓመት ያህል አዲስ አልበም አልወጣም።

ካፒቶል ዘንድ መቅረት ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን ገበያ ማየት ነው። ሰው ዘፈን በነፃ የሚለዋወጥበት ናፕስተር በ1999 መጥቶ የሲዲን ንግድ አናግቶታል። የአፕል የሙዚቃ መደብር የተከፈተው አልበሟ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ዘፈን የሚሸጠው አሁንም በሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ደግሞ ከ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በኋላ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ገብቷል፤ ክሊር ቻነል ብቻውን ከሺህ በላይ ጣቢያ ነበረው። አንድ ሺህ ጣቢያ አንድ ዓይነት ዘፈን ሲፈልግ፣ ለዚያ ጣቢያ የማይሆን ዘፈን ይዞ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ፌር ከሙዚቀኛው ከማይክል ፔንና ከሌሎች ጋር ብዙ ቀርጻ ነበር። ኩባንያው ግን ሬዲዮ ላይ የሚሄድ ነገር ፈለገ።

ስለዚህ ማትሪክስ ዘንድ ሄደች። ማትሪክስ የሦስት ፕሮዲውሰሮች ቡድን ነው፤ ሎረን ክሪስቲ፣ ግራሃም ኤድዋርድስና ስኮት ስፖክ። በ2002 ለአሥራ ሰባት ዓመቷ አቭሪል ላቪን «ኮምፕሊኬትድ»ን የሠሩላት እነሱ ናቸው። ከፌር ጋር አራት ዘፈን ሠሩ። ከአሥራ አራቱ አራት! ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሒስ አሥራ አራቱንም እነሱ የሠሯቸው ይመስል ነበር።

አልበሙ ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት ኒውዮርክ ታይምስ የሜገን ኦሩርክን ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ የመጀመሪያ አልበሟን ስም ከአቭሪል ስም ጋር አጣምሮ የሚያላግጥ ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት እንደ ኮረዳ ትቁለጨለጫለች፣ የሙያ ሕይወቷንም በገዛ እጇ ቀብራለች የሚል ነው። ፌር መልስ የሰጠችው በተረት መልክ ነበር። ሰማይ ሊወድቅ ነው ብላ አገር ያመሰችውን የፈረንጅ ተረት ጫጩት ወስዳ ሃያሲዋን አደረገቻት። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ ፒችፎርክ ዜሮውን አወጣ።

የዕድሜው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። እናት ናት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስለ ወጣት ወንድ ትዘፍናለች፣ አያምርባትም። በዚያው ሰሞን ሚክ ጃገር ስልሳ ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ዓለምን እየዞረ ወገቡን ያውረገርግ ነበር። ያው የመጀመሪያ አልበሟ መልስ የሰጠበት ሰውዬ። አያምርበትም ያለውም ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ እንግባ፤ በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የተረሱት እነሱ ናቸውና።

«ዋይ ካንት አይ» የማትሪክስ ሥራ ነው። ቢልቦርድ ሆት 100 በተባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ እስከ 32ኛ የደረሰ፣ በፌር ሕይወት ትልቁ የሬዲዮ ዘፈን። ጊታሩ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል፤ አንዲት መጨማደድ የለበትም። ድምፅዋ ላይ ሌላ የራሷ ድምፅ፣ በዚያ ላይ ሌላ ተደርቧል። አዝማቹ ሲመጣ ሁሉም ነገር አብሮ ከፍ ይላል። ሙያው የሚጠይቀውን በሚገባ ያደርጋል። ግጥሙን ግን ቀረብ ብሎ ለሰማው፣ ሁለቱም ሌላ ሰው ያላቸው ወንድና ሴት የሚጀምሩት ፍቅር ነው። የጋይቪሏ ሴትዮ እዚያው አለች፣ ልብሷን ነው የቀየረችው።

«ሮክ ሚ» የሚለው ይበልጥ ያስቃል። ይህም የማትሪክስ ነው፣ በብዛት ከተሾፈባቸውም አንዱ ነው። አንዲት ሴት በዕድሜ ከሚያንሳት ልጅ ጋር ጊዜዋን ታሳልፋለች። ልጁ ቪዲዮ ጌም ይጫወታል። የሙዚቃ ስብስብ የሚባል ነገር የለውም። እንዲያውም ሊዝ ፌር ማን እንደሆነች አያውቅም። ይህን ራሷ በስሟ ትዘፍነዋለች! ከዝናዋ፣ ከታሪኳና «የኢንዲ እመቤት» (ኢንዲ የሚባለው ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ሙዚቃ ነው) ከሚለው ሸክም ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ልጅ አገኘች፣ ደስ አላት። ዘፈኑ ለሃያስያኑ ቀድሞ የተጻፈ መልስ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ቀልዱን አልሰሙትም፤ ቀልዱ በእነሱ ላይ ስለሆነ ይሆናል።

«ሊትል ዲገር» ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ትንሽ ልጅ ጠዋት እናቱ መኝታ ቤት ይገባል። አልጋው ላይ የማያውቀው ሰውዬ አለ። ልጁ አይጮህም፣ አያለቅስም። የመጫወቻ መኪኖቹን አምጥቶ ሰውየው አጠገብ ይደረድራል። ይህኛው የምወደው ነው፣ ያኛውን ግን መውሰድ አትችልም፣ አባቴ ነው የሰጠኝ ይለዋል። እናቲቱ ቆማ ታያለች። ይኸው ነው። በሮክ ዘፈን ውስጥ ፍቺን ከልጅ መጫወቻ አንጻር ይህን ያህል ተጠግቶ ያየ ሌላ ብዙ አላውቅም። እኔ ዘፈኑን አንድ ጊዜ ከሰማሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል መድገም አልቻልኩም ነበር።

ይህ ዘፈን ያለበት አልበም ነው ዜሮ ያገኘው።

ጥሩ አልበም ነው ልል አይደለም። ከራሱ ጋር የተጣላ አልበም ነው። «ፌቮሪት» የድሮ ፍቅረኛን ከሚወዱት የውስጥ ሱሪ ጋር ያመሳስላል፤ ቀልዱ በመጀመሪያው ደቂቃ ያልቅና ዘፈኑ ይቀጥላል። ስሙ በሬዲዮ እንዳይጠራ በሦስት ፊደል የተጻፈ አንድ ዘፈን አለ፤ ለማስደንገጥ የተሠራ ነው፣ አያስደነግጥም። በማትሪክስ አራቱና በሌሎቹ አሥሩ መካከል ስትሄድ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ውስጥ የምትመላለስ ይመስልሃል። ቢሆንም ሮበርት ክሪስጋው፣ ከአሜሪካ አንጋፋ የሮክ ሃያስያን አንዱ፣ በዚያው ዓመት በፊደል ውጤቱ ኤ ሰጥቶታል። ከኤ እስከ ዜሮ! ስለ አንድ አልበም የሚያወሩ ሁለት ሰዎች እንዲህ ከተራራቁ፣ አንደኛው የሚያወራው ስለ አልበሙ ላይሆን ይችላል።

የፒችፎርክን ዜሮዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ታየኝ። በ2000 ሶኒክ ዩዝ «ኤንዋይሲ ጎስትስ ኤንድ ፍላወርስ» ለተባለው አልበም ዜሮ አገኘ። በ2003 ሊዝ ፌር። በ2004 ትራቪስ ሞሪሰን፣ ያለ ቡድኑ ለብቻው ለሠራው «ትራቪስታን»። ሶኒክ ዩዝ የኢንዲ ሮክ አባት የሚባል ቡድን ነው። ሞሪሰን ይመራው የነበረውን ዲስሜምበርመንት ፕላንን ድረ ገጹ ራሱ ነበር ሲያወድሰው የኖረው። በዘመኑ ሬዲዮውን የሞሉትን፣ የእውነት የማይረቡ የፖፕ አልበሞች ድረ ገጹ በአብዛኛው አያነሳቸውም ነበር። (ጄት የተባለው የአውስትራሊያ ቡድን በ2006 ያገኘው ዜሮ ከዚህ ይለያል። እነሱን ማንም አላቀፋቸውም ነበር።)

«ጠላትማ ምን ጊዜም ጠላት ነው» ተብሎ የሚጀምረውን የቃል ግጥም ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁጣው የሚያርፈው በውጩ ጠላት ላይ አይደለም፣ በውስጡ ሰው ላይ ነው። አቭሪል ላቪን ከመጀመሪያውም የእነሱ አልነበረችም፤ ሬዲዮ ላይ ብትዘፍን ማን ቅር ይለዋል? ፌር ግን የእነሱ ነበረች። ካሴቷን በእጃቸው ገልብጠዋል። ከእሷ ጋር አድገዋል። ከዚያ አንድ ቀን የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ጫማ እየለኩ ድምፅዋን ሲሰሙ ክህደት መሰላቸው። ዜሮ የሙዚቃ ልኬት አልነበረም። በሩን ዘግቶ መቆለፍ ነበር። ድረ ገጹ ያኔ መቀመጫው ያው ቺካጎ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ የቤተሰብ ጠብ ያስመስለዋል።

እኛም ዘንድ ቢሆን የድሮ ድምፃዊ አዲስ አልበም ባወጣ ቁጥር ታክሲ ውስጥ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰውዬ የሚናፍቀው ብዙ ጊዜ ዘፋኙን አይደለም፤ ዘፈኑን ሲሰማ የነበረውን ዕድሜ ነው። ልዩነቱ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ነጥብ አይሰጥም። ሾፌሩም ድምፁን ከፍ አድርጎበት ይነዳል።

ነጥብ ግን ጉዳት አለው። ሞሪሰን ከዜሮው በኋላ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አልበሙን መያዝ የተዉ መደብሮች ነበሩ። ፌር ከኋላዋ ካፒቶልና ሬዲዮ ስለነበሩ አልወደቀችም። ስሟ ሲነሳ ግን ዜሮዋ አብራ መነሳቷ ለዓመታት አልቀረም።

ከዚያ አየሩ ተቀየረ። በጥቅምት 2004 ኬሌፋ ሳኔ በኒውዮርክ ታይምስ ብዙ የተወራለትን ጽሑፍ አወጣ። ጊታር የያዘ ሰው እውነተኛ ነው፣ የሬዲዮ ፖፕ ውሸት ነው የሚለውን እምነት ከሥሩ ጠየቀው። በአልበሟና በጽሑፉ መካከል ያለው አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ቀስ በቀስ ሃያስያኑ ፖፕን በቁም ነገር መስማት ጀመሩ። በ2020 ቴይለር ስዊፍት ዘ ናሽናል ከተባለው የኢንዲ ቡድን አባል ከአሮን ዴስነር ጋር «ፎክሎር»ን ስትሠራ ጉዞው በተቃራኒው ነበር፣ ከፖፕ ወደ ኢንዲ። ማንም ከዳች አላለም። ከዳ የተባለ ኢንዲም የለም።

ሌሜ በ2019 ሲጽፍም የዚህ ለውጥ ልጅ ሆኖ ነው። ጽሑፉ ንቀት የተሞላበትና የሚያሳፍር እንደነበር አመነ። ኢንዲ ሮክም የሬዲዮ ፖፕም አንድ አርቲስት የሚሞክራቸው ጭምብሎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ያኔ ጨርሶ አልገባኝም አለ። ይቅርታው ቅን ነው። ስድስቱን ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ዜሮውን የሰጠው የ2003 ስሜት ከሆነ፣ ስድስቱን የሰጠው የ2021 ስሜት ነው። ስድስት ደግሞ ተማሪ ሆነን እንደምናውቀው ምንም የማይናገር ውጤት ነው። አለፍሽ፣ ሂጂ። «ሊትል ዲገር» ስድስት አይደለም። «ፌቮሪት»ም ስድስት አይደለም። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አልበም መስማት አይሆንም።

ዛሬ ደግሞ ዜሮ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። «ፎክሎር» በፒችፎርክ 8.0 ሲያገኝ ነጥቡ አነሰ ያሉ አድናቂዎች ጸሐፊዋን አስፈራሯት። በ2024 ፔስት መጽሔት የስዊፍትን አዲስ አልበም ሲተች የጸሐፊውን ስም ደበቀ፤ በ2019 ሌላ አልበሟን የተቸው የመጽሔቱ ጸሐፊ ዛቻ ደርሶበት ነበርና። ዱሮ ሃያሲው ዘፋኟን ከቤት ያስወጣ ነበር። ዛሬ አድናቂው ሃያሲውን ያስወጣል። ባለቤቱ ኮንዴ ናስት በጥር 2024 ፒችፎርክን ከጂኪው የወንዶች መጽሔት ሥር አዋለው፣ ብዙ ሠራተኛም ተቀነሰ። የወንዶች መጽሔት! ጋይቪልን የጻፈችው ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከወጡት ጥቂቶቹ በዚያው ዓመት ሂሪንግ ቲንግስ የሚባል የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፈቱ።

ፌር በ2023 መጨረሻ የጋይቪልን ሠላሳኛ ዓመት ይዛ አሜሪካን ዞረች፣ አልበሙንም ከዳር እስከ ዳር ተጫወተችው። ግን ስሟን ያልሰማ ወጣት መጀመሪያ የሚያገኛት በሌላ በር ነው። «ዋይ ካንት አይ» «ሰርቲን ጎይንግ ኦን ሰርቲ» በተባለው የ2004 ፊልም ውስጥ አለ፤ ፊልሙ ደግሞ እስካሁን ይታያል። ልጁ ዘፈኑን ይወደውና ስልኩን አውጥቶ ማን እንደዘፈነው ይፈልጋል። ስለ ማታዶር አልሰማም። ስለ ዜሮው አልሰማም። ሊዝ ፌር ማን እንደሆነች አያውቅም።

ልክ «ሮክ ሚ» ውስጥ እንዳለው ልጅ።